ጋሻ፣ አንበሳና ሦስት ግማሽ ጨረቃ፦ የፈረንሳይ መኳንንትን አርማ ፍለጋ

ቅዳሜ፣ ሴንት ኡዋን

ማተሚያ ቤት የሚሠራ ሰው እረፍት ወጥቶም ዓይኑ ወረቀት ላይ ነው። ጠዋት ከፍራንክፈርት በባቡር ገባሁ። ሻንጣዬን ጓደኛዬ ቤት ጥዬ በቀጥታ ያመራሁት ከፓሪስ በስተሰሜን ወዳለው የሴንት ኡዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ጓደኛዬ ፓሪስን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃታል። «ሉቭርን ትተህ ምናለሽ ተራ ትገባለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

የምፈልገው የድሮ የፈረንሳይ መኳንንት ቤተሰቦችን አርማ ነው። በጋሻ ቅርጽ ውስጥ አንበሳ፣ ንስር፣ አበባ ወይም ግንብ ይሳላል። ከላይ ዘውድ ወይም የራስ ቁር ይደፋበታል። ገበያው ውስጥ ይህ ነገር በየዓይነቱ አለ። በወረቀት የታተመ፣ በቆዳ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ በወርቅ የተመታ፣ በማኅተም የተቀረጸ፣ በሸክላ ሳህን ላይ የተሳለ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ሻጭ ከመጽሐፍ የተገነጠሉ ቅጠሎችን በሣጥን ደርድረዋል። አንዱን አነሳሁ። በመዳብ ሰሌዳ የታተመ ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ኪሴ ውስጥ ከማትጠፋው ማጉያ ጋር አጎንብሼ ስመለከተው የጋሻው ግማሽ በቀጫጭን የቁም መስመሮች ተሞልቷል። ሌላው ግማሽ በነጠብጣብ። ሻጩ ፈገግ አሉና «ቀለሙን አነበብከው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቁር ቀለም ብቻ የሚያትም ሰው የአርማን ቀለም እንዴት ያሳይ? በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ አታሚዎች የየራሳቸውን ዘዴ ሞከሩ። የጸናው ኢየሱሳዊው ካህን ሲልቬስተር ፔትራ ሳንክታ በ1638 ሮም ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ የተጠቀሙበት ነው። የቁም መስመር ቀይ ነው። የአግድም መስመር ሰማያዊ። ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ የሚወርድ ሰያፍ መስመር አረንጓዴ። ቁምና አግድሙ ከተጠላለፉ ጥቁር። ነጠብጣብ ወርቅ፣ ባዶው ብር። ይኸው ነው። ይህን የያዘ ሰው የትኛውንም የድሮ ጥቁርና ነጭ አርማ በቀለም ያየዋል። በእጄ ያለው ጋሻ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ወርቅ ነበር ማለት ነው።

ከጎኑ ያለው ቅጠል ደግሞ በቀለም ደምቋል። ዋጋው እጥፍ ነው። ማጉያዬን ጣል ሳደርግበት ግን የቁም መስመሩ ላይ ሰማያዊ ተቀብቷል። ቀራጩ ቀይ ብሎ የጻፈውን ሌላ ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ለዓይን እንዲያምር ሰማያዊ አድርጎታል። እንዲህ ያለው በየሱቁ ሞልቷል። እንደ ባለሙያ አንድ ምክር ልጣል፦ ቀለም ያልነካውን ግዙ። ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ጥቅጥቅ ያሉ የሽቦ መስመሮች መኖራቸውን እዩ፤ የድሮ የእጅ ወረቀት ምልክት ናቸው። በሥዕሉ ዙሪያም የመዳብ ሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ጫን ብሎ የተወው ገባ ያለ ክፈፍ በጣት ይዳሰሳል። በዘመናዊ ማሽን የታተመ ግልባጭ ላይ ይህ የለም።

ከሻጩ ሱቅ ፊት ለፊት መሬት ላይ የተደገፉ ትልልቅ የብረት ሰሌዳዎች አሉ። እሳት ምድጃ ጀርባ የሚቆሙ ናቸው። ግድግዳውን ከእሳት ይከላከላሉ፣ ሙቀትም ይመልሳሉ። ባለቤቱ አርማውን እላዩ ላይ ያስቀርጽበታል። ክረምቱን ሙሉ ቤተሰቡ እሳት ሲሞቅ የራሱን ጋሻ እያየ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የንጉሥና የመኳንንት ምልክት ይጥፋ ሲባል ብዙዎቹ ፊታቸው ወደ ግድግዳ እንዲዞር ተደረገ። ብረት መጣል ኪሳራ ነዋ። ዛሬ አሮጌ ቤት ሲታደስ ሰሌዳውን ሲገለብጡት ንጹሕ አርማ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ሰዓት ተከራክሬ የቁም መስመርና ነጠብጣብ ያለባትን ገዛሁ። የማን ቤተሰብ እንደሆነች ስሙ ተቆርጧል። ግድ አልሰጠኝም።

እሁድ፣ ክሉኒ ሙዚየም

ክሉኒ የመካከለኛው ዘመን ሙዚየም ነው፣ ላቲን ሰፈር ውስጥ። ሰው ሁሉ የሚመጣው «እመቤቲቱና ዩኒኮርኑ» (ዩኒኮርን በተረት ያለ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ መሳይ አውሬ ነው) ተብለው የሚጠሩትን ስድስት የግድግዳ ምንጣፎች ለማየት ነው። ከሱፍና ከሐር በ1500 ግድም የተሠሩ ናቸው። ቀይ መደብ፣ በላዩ ላይ የተበተኑ አበቦች፣ መሀል ላይ ያማረች ሴት፣ ከግራና ከቀኟ አንበሳና ዩኒኮርን። አምስቱ የስሜት ሕዋሳትን ይወክላሉ ይባላል። ስድስተኛው ላይ በድንኳን አናት «የእኔ ብቸኛ ምኞት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

እኔ የመጣሁት ለባንዲራው ነው። ሴትየዋን ትቼ አንበሳው የያዘውን ዘንግ ተከተልኩ። ጋሻው ቀይ ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚያቋርጥ ሰማያዊ መቀነት አለው። በመቀነቱ ላይ ሦስት የብር ግማሽ ጨረቃዎች። የለ ቪስት ቤተሰብ አርማ ነው። መሠረታቸው ሊዮን ነው፣ ሙያቸው ሕግ። በንጉሡ ፍርድ ቤት አገልግለው ከፍ ያሉ ሰዎች።

እዚህ ጋ የአርማ ጥበብን አንድ ትልቅ ሕግ ልንገራችሁ። ቀለሞቹ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። ወርቅና ብር «ብረት» ይባላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ «ቀለም» ናቸው። ብረት በብረት ላይ አይቀመጥም፣ ቀለምም በቀለም ላይ። ምክንያቱ ተግባራዊ ነው፤ ከሩቅ መለየት አለበት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ ያተመ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ታዲያ የለ ቪስት ጋሻ ቀይ ላይ ሰማያዊ ደርቧል! የአውሮፓ ዝነኛው የግድግዳ ምንጣፍ የያዘው አርማ ሕጉን የጣሰ አርማ ነው።

ለምን? አዲስ ከፍ ያሉ ሰዎች ስለሆኑ ሕጉን አያውቁም ነበር እንዳይባል፣ የሕግ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ጋሻ «የሚያስጠይቅ አርማ» ይሉታል፤ ያየው ሰው ምክንያቱን እንዲጠይቅ። እኔም ጠየቅሁ፤ መልስ አላገኘሁም። ባንዲራው፣ ጋሻው፣ የአንበሳው ካባ፣ ሁሉም ቦታ ያ አርማ ተደጋግሟል። ከመጠን በላይ ተደጋግሟል ባይ ነኝ። ከጥንት መኳንንት የተወለደ ሰው ስሙን እንዲህ ደጋግሞ አይጠራም። አዲስ ሹም ግን በየበሩ ይጽፈዋል።

ምንጣፎቹ በ1841 ቡሳክ በሚባል ከተማ ግንብ ውስጥ ነበሩ። የታሪካዊ ቅርሶች ተቆጣጣሪው ፕሮስፔር ሜሪሜ ያያቸው እርጥበት እየበላቸው ሳለ ነው። ሙዚየሙ የገዛቸው በ1882 ነው። ከታች ጠርዛቸው ላይ የተለወጠውን ክር ልብ ብላችሁ ብታዩ ቀለሙ ከላይኛው ይለያል።

ሰኞ፣ ዝናብ

ሰኞ ክሉኒም ቬርሳይም ዝግ ናቸው። ደግሞ ይዘንባል። ጓደኛዬ ቡና አፈላልኝ፣ እኔ ላፕቶፔን ከፈትሁ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» በሚባለው ድረ ገጹ ላይ ትልቁን የአርማ መዝገብ በነጻ አስቀምጦታል። ፓስፖርት የለ፣ ሰልፍ የለ።

የመዝገቡ ታሪክ አስቂኝ ነው። በ1696 ሉዊ 14ኛ ከግማሽ አውሮፓ ጋር እየተዋጋ ነው። ካዝናው ባዶ ነው። በኅዳር ወር አዋጅ ወጣ፦ አርማ ያለው ሰው ሁሉ ያስመዝግብ፣ ክፍያም ይክፈል። ለአንድ ግለሰብ 20 ሊቭር፣ የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ። ለከተማ፣ ለገዳምና ለማኅበር ከዚያ በላይ። ሥራው በዘር ሐረግ ሊቁ በሻርል ዶዚዬ ስር ሆነ። ከ100 ሺህ በላይ አርማ ተመዘገበ፤ ወደ 120 ሺህ ይጠጋል። ጥራዞቹ በእጅ የተሳሉ፣ በቀለም የተሞሉ ናቸው።

የገረመኝ የተመዝጋቢዎቹ ማንነት ነው። አብዛኞቹ መኳንንት አይደሉም። ነጋዴዎች፣ ጠበቆች፣ ሐኪሞች፣ ቄሶች፣ የጫማ ሰፊዎችና የዳቦ ጋጋሪዎች ማኅበራት። በፈረንሳይ አርማ መያዝ የመኳንንት ብቻ መብት ሆኖ አያውቅም። ዛሬም ማንም ሰው የሌላውን እስካልነካ ድረስ የራሱን ማውጣት ይችላል። «የመኳንንት አርማ» ተብሎ በፍሬም የሚሸጠው ብዙ ነገር የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አርማ ሊሆን ይችላል።

ክፍያው ያንገሸገሻቸው ደግሞ ዝም ብለው ቀሩ። መንግሥት አልተዋቸውም። ራሱ አርማ ፈጥሮ ሰጣቸውና ሒሳቡን ጠየቀ። ሠዓሊዎቹ ለሺህ ሰው አዲስ ነገር ከየት ያምጡ? አንድ ሐሳብ ያዙና ቀለሙን ብቻ እየለዋወጡ ወረዱ። ገጹን ስገልጥ ያንኑ መቀነት አየሁ፤ አንዴ ወርቅ በሰማያዊ፣ ቀጥሎ ብር በሰማያዊ፣ ቀጥሎ ወርቅ በቀይ። በአንድ ዲዛይን መቶ ቢዝነስ ካርድ የሚሠራ ግራፊክስ ባለሙያ ያውቀዋል ይሄን ነገር።

ጓደኛዬ ከኋላዬ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ «ግብር ነው እንዴ ታዲያ?» አለ። ግብር ነው። ቆንጆ ግብር።

ማክሰኞ፣ ቬርሳይ

የመስታወቱን አዳራሽ በጥድፊያ አለፍኩ። የሕዝብ ብዛት ነፍስ ያወጣል። ዒላማዬ ብዙ ሰው የማይገባባቸው የመስቀል ጦርነት ክፍሎች ናቸው። ሁልጊዜ ክፍት አይደሉምና ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ቬርሳይን በ1837 የፈረንሳይ ታሪክ ሙዚየም አደረገው። እነዚህ ክፍሎች የተመረቁት በ1843 ነው። ጎቲክ መሳይ (በመካከለኛው ዘመን የሕንጻ ስልት) ሆነው ተሠሩ፤ ምሰሶውና ጣሪያው ሁሉ በጋሻ ተሸፈነ። እያንዳንዱ ጋሻ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ወደ ኢየሩሳሌም የዘመተ ቤተሰብ አርማ ነው። ቢያንስ ሐሳቡ እንዲያ ነበር። መሀል ላይ የቆመው የዝግባ በር ግን እውነተኛ ነው። ከሮድስ ደሴት፣ ከፈረሰኛ መነኮሳቱ ሆስፒታል የመጣ፣ በሱልጣን ማሕሙድ 2ኛ የተበረከተ።

አስቡት እንግዲህ። ንጉሡ «የመስቀል ጦረኞችን ዘር ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ» አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ሣጥኑን በረበረ። ያልተካተተው ጮኸ፣ ተሟገተ፣ ቦታ ተጨመረለት። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። የ12ኛው መቶ ዘመን ብራና ከየት ይመጣል? ከፓሪስ! ኩርትዋ የሚባል ሰው ቢሮ ልክ የሚፈለገውን ብራና ያገኝ ነበር። «እኔ ፈረሰኛ እገሌ በቅድስቲቱ ምድር ከጄኖዋ ነጋዴ ብር ተበድሬአለሁ» የሚል የብድር ውል። አሳማኝ ነው፤ ዘማች መቼም ተበድሮ ነው የሚዘምተው። ቤተሰቡ ከፈለ፣ ብራናውን አቀረበ፣ ጋሻው ጣሪያ ላይ ወጣ።

ወረቀቶቹ የሐሰት መሆናቸውን ሮበር ሄንሪ ቦትዬ የሚባሉት የታሪክ ምሁር ያሳዩት በ1956 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ። ጋሻዎቹ አልወረዱም። ዛሬም ከትክክለኞቹ ጎን ናቸው፣ በተመሳሳይ ወርቅ፣ በተመሳሳይ እጅ የተሳሉ። ከሥር ቆሜ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞከርሁ። በዓይን አይለይም። አንገቴን ብቻ አመመኝ።

ስለ ሥዕሉ ግን ልፍረድ፦ ጥሩ ሥራ አይደለም። አንበሶቹ ደልበዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት አላቸው። የድሮ ጋሻ ሠዓሊ አንበሳውን ቀጭን ያደርገዋል፣ ጥፍሩን ይዘረጋዋል፣ ጅራቱን ያጠማዝዘዋል፣ ባዶ ቦታ እንዳይቀር። ነገ የማየው ያንን ነው።

ረቡዕ፣ ለ ማን

ከሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰዉ ለ ማንን የሚያውቀው በመኪና ውድድር ነው። እኔ ካሬ ፕላንታጄኔ ሙዚየም ገባሁ፣ አንድ የመዳብ ሰሌዳ ለማየት።

63 በ33 ሳንቲ ሜትር። እንዲህ ስትባል ትንሽ ትመስላለች። ለመካከለኛው ዘመን ኢናሜል ግን ግዙፍ ናት። መዳቡ ጎድጎድ ተደርጎ ተቦርቡሮ፣ ጉድጓዱ በመስታወት ዱቄት ተሞልቶ፣ በእሳት ቀልጦ፣ ከዚያ ተሞርዷል። ላይዋ ላይ የአንጁ ባላባት ዦፍርዋ ፕላንታጄኔ ቆሟል። የሞተው በ1151 ነው፤ ሰሌዳዋ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለመቃብሩ ተሠራች፣ በከተማዋ ካቴድራል። በቀኙ ሰይፍ መዝዟል። በግራው ከትከሻው እስከ እግሩ የሚደርስ ረጅም ጋሻ ይዟል። ጋሻው ሰማያዊ ነው፣ የወርቅ አንበሶች በላዩ ላይ ይንጠላጠላሉ። ባርኔጣውም ላይ አንበሳ አለ። የካባው ገበር በሰማያዊና በነጭ ደወል መሳይ ቅርጾች ተሸፍኗል። ያ የሽኮኮ ቆዳ ነው፤ የጀርባው ግራጫና የሆዱ ነጭ እየተፈራረቁ ተሰፍተው። በኋላ የአርማ ሠዓሊዎች ያንን ገበር ራሱን ከቀለም ቆጠሩት።

የአርማን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከዚህች ሰሌዳ አያልፉም። አንድ የገዳም ጸሐፊ፣ የማርሙቲዬው ዣን፣ ዦፍርዋ በወጣትነቱ በ1128 ግድም ሲሾም አማቱ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 1ኛ የአንበሳ ጋሻ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት ይላል። የጻፈው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፣ ስለዚህ አንዳንዱ ተጠራጣሪ ነው። የማያጠራጥረው ሌላ ነገር ነው። የልጁ የሄንሪ 2ኛ ልጅ የሆነው ዊልያም ሎንጌስፔ እንግሊዝ አገር ሶልዝበሪ ካቴድራል ተቀብሯል። የድንጋይ ምስሉ የያዘው ጋሻ ላይ እነዚያው አንበሶች አሉ። አያትና የልጅ ልጅ፣ አንድ ጋሻ። ሥዕል ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ውርስ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

በጋሻው ላይ በዓይን የሚታዩት አንበሶች አራት ናቸው፣ ግማሹ ጋሻ ወደ ጎን ዞሯልና። ከብርጭቆው በጣም ቀርቤ የአንዱን ጥፍር ቆጠርኩ። ጥበቃዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ወደ ኋላ አልኩ። ከዚያ እንደገና ቀረብኩ። ሰማያዊው ከስልሳ አምስት ሺህ ዩሮ ማሽናችን አይወጣም። እምላለሁ።

ካቴድራሉን ለማየት ጊዜ ነበረኝ፣ እግሬ ግን እምቢ አለ። በቱር በኩል አድርጌ ማታ ብሏ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ብሏ

ብሏ ሻቶ (የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት) መግቢያው ላይ ሉዊ 12ኛ በፈረስ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ከእግሩ ሥር ጃርት አለች፣ ዘውድ የደፋች። ጃርት! የፈረንሳይ ንጉሥ ምልክት። አያቱ በ1394 በጃርት ስም የፈረሰኞች ማኅበር አቋቁመው ነበርና ከዚያ ወረሰው። መሪ ቃሉ «ከቅርብም ከሩቅም» ነው። በዚያ ዘመን ጃርት እሾኋን ወርውራ ትወጋለች ብለው ያምኑ ነበር።

እዚህ አንድ ነገር መለየት አለበት። የንጉሡ አርማ ሦስት የወርቅ የሊስ አበባ በሰማያዊ ላይ ነው። ያ የቤቱ ነው፣ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ጃርቷ ግን የግሉ ናት። ቀጣዩ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ጃርቷን አልፈለጋትም። በተረት እሳት ውስጥ የምትኖር እንሽላሊት መሳይ ሳላማንደር መረጠ። ታዋቂው ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ውጡና ቁጠሯቸው፤ እሳት እየተፉ በየግድግዳው ተጋድመዋል፣ ዘውድ የደፋው ኤፍ ፊደል ከጎናቸው። መሪ ቃሏ በደምሳሳው «በጎውን እሳት እመገባለሁ፣ ክፉውን አጠፋለሁ» ነው።

የሉዊ ሚስት የብሪታኒዋ አን ነጭ ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ ያለውን የብሪታኒን ጋሻ ይዛ መጣች። ጠቃጠቆው ኤርሚን የምትባለው ነጭ አውሬ ጅራት ጫፍ ነው። የባልና የሚስት ጋሻ መሀል ለመሀል ይከፈላል፤ በአንድ ወገን አበባው፣ በሌላው ጠቃጠቆው። ጋብቻው የግዛት ውል ነበርና ጋሻው ውሉን ለማያነብም ሰው ያሳያል።

አሁን ወደ መጥፎው ዜና። ሰኔ 19 ቀን 1790 የፈረንሳይ ምክር ቤት በዘር የሚወረስ መኳንንትነትን ከነማዕረጉና ከነአርማው ሻረ። ከዚያ መዶሻው መጣ። መግቢያው ላይ ያለው የንጉሡ ሐውልት ተሰባበረ። አሁን የምታዩት በ19ኛው መቶ ዘመን የተተካው ነው። ሻቶው የወታደር ሰፈር ሆኖ ኖረ። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ያደሰው አርክቴክት ፌሊክስ ዱባን ነው። ስለዚህ ከምታደንቋቸው ጃርቶችና ሳላማንደሮች ብዙዎቹ የእሱ ዘመን ድንጋይ ጠራቢዎች ሥራ ናቸው። የድሮውን ለማግኘት ውስጥ ያለውን የተጠራቀመ የድንጋይ ስብስብ እዩ። ፊቱ የተቆረጠ፣ አፍንጫው የተላጠ። እኔ ከታደሰው ይልቅ የተደበደበውን ወደድኩት። የመሮው ምት ላዩ ላይ አለ፤ አንድ ሰው ቆሞ ይህን አበባ ከድንጋዩ ላይ ፋቀው።

ዓርብ፣ ባቡር

ቀኑን ሙሉ ባቡር ላይ። ቱር፣ ቦርዶ፣ ከዚያ የጥድ ጫካ፣ ከዚያ ባሕር። ቦርዶ ላይ የገዛሁት ሳንድዊች ዳቦው ጥርስ ይነቅላል። አንዳይ የምትባለው የድንበር ከተማ የደረስሁት ሲጨልም ነው። ወንዙን ብሻገር ስፔን ነኝ።

ቅዳሜ፣ አባዲያ

እዚህ የመጣሁት ለአንድ ቤት ነው። አንቷን ዳባዲን ኢትዮጵያዊ የታሪክ አንባቢ ያውቃቸዋል። በ1810 ደብሊን ተወለዱ፤ አባታቸው የባስክ አገር ሰው፣ እናታቸው አየርላንዳዊት። ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር ሆነው ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በአገራችን ኖሩ። ምድሩን ለኩ፣ ካርታ አነሱ፣ ከሁለት መቶ በላይ የብራና መጻሕፍት ሰበሰቡ። መጻሕፍቱ ዛሬ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። ይህ ነገር ብዙ ያነጋግራል፤ ሌላ ቀን። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ።

ቤቱ ከባሕሩ ገደል አናት ላይ ነው። ከ1864 እስከ 1879 ተሠራ፤ ቪዮሌ ለ ዱክ ነደፈው፣ ኤድሞን ዱትዋ መራው። ከሩቅ የጎቲክ ግንብ ነው። ሲጠጉት በውጭ ግድግዳው ላይ የድንጋይ አዞ ተጋድሟል። እባብም አለ፣ ዝንጀሮም። ሌላው ባላባት ቤቱን በአንበሳና በንስር ሲሞላ እኒህ ሰው ያዩትን አውሬ ሰቀሉበት። የቤተሰቡ መሪ ቃል «ከመምሰል ይልቅ መሆን» የሚል ነው። አዞ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው መምሰልንም ትንሽ ሳይወድ አልቀረም።

ውስጡን ሳይ አፌን ከፈትኩ። መግቢያው ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ሥዕሎች ግድግዳውን ሞልተውታል። ከደረጃው ሥር መብራት የያዘ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት አለ። በየክፍሉ በየቋንቋው ጽሑፍ፤ ባስክ፣ ላቲን፣ አይሪሽ፣ ዓረብኛ፣ ግዕዝ፣ አማርኛ። ሳምንቱን ሙሉ ጋሻ ላይ አንበሳ ሳነብ የከረምኩ ሰው ድንገት የራሴን ፊደል ግድግዳ ላይ ሳገኝ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቡድኑ በሙሉ ዞረ።

አስጎብኚዋ በረንዳው ላይ አንድ ድንጋይ እንደጎደለ አሳየችን። የመጨረሻውን ድንጋይ ናፖሊዮን 3ኛ እንዲያኖሩት ታስቦ ነበር ይባላል። በ1870 ጦርነት መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ወደቁ። ዳባዲ ሌላ ሰው እንዲያስቀምጠው አልፈቀዱም። ልጅ አልነበራቸውም፤ ቤቱን በ1895 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሰጡት። ግዴታም ጣሉበት፦ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ ይሠራ። ካህናት ቴሌስኮፑ ሥር ተቀምጠው ኮከብ ሲቆጥሩ እስከ 1975 ቆዩ። የአርማ ጋሻ ከማስወረስ የከዋክብት ሥራ ማስወረስ ይሻላል፣ ለእኔ።

ከሁሉ የወደድኩት የመመገቢያ ክፍሉን ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ወንበሮች ጀርባ ላይ እንደ አርማ አንዳንድ ፊደል ተቀምጧል። የእኛ ፊደል። ወንበሮቹ በየቦታቸው ሲገጥሙ ፊደሎቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፦ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሐዲ እንዳይኖር እግዚአብሔር ይርዳ የሚል ትርጉም አለው። እንግዳው የቱ ፊደል ላይ እንደተቀመጠ አያውቅም። ጋባዡ ብቻ ያነባል።

አስጎብኚዋ ይህን ስታስረዳ አንዲት ፈረንሳዊት አዛውንት ወደ እኔ ዞሩና «እርስዎ ማንበብ ይችላሉ፣ አይደል? ከሐዲው የትኛው ወንበር ላይ ነው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ከገመዱ ወዲህ ሆኜ የሚታዩኝን ፊደሎች አንድ በአንድ ጠራሁላቸው፣ እሳቸውም በእጅ ጽሑፋቸው እየኮረጁ ማስታወሻቸው ላይ ሣሉ። ቀጣዩ ቡድን በሩ ላይ ስለደረሰ አልጨረስነውም።